ፌንግ ሹዊ ለጀማሪ፦ ምንም ሳትገዙ ቤታችሁን ማንበብ

ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ ውስጥ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ "አዪ" ይላቸዋል። በእኛ "እትዬ" እንደማለት ነው። በገባሁ በማግስቱ ቤቱን ሊያዩ መጡና ዓይናቸው አልጋዬ ላይ አረፈ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩ ራስጌውን ይዘው መጎተት ጀመሩ። ግራ እየገባኝ አገዝኳቸው። አልጋው ከበሩ ትክክል ተነስቶ ማዶ ካለው ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ በሩን በሰያፍ እያየ ቆመ። "አሁን ጥሩ" ብለውኝ ሄዱ።

ያን ሌሊት ተአምር አልታየም። ግን ከዚያ በፊት ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብንን እል ነበር። ያ ቀረ።

ነገሩ በዚያው ያዘኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ግን ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ነው፤ ገበያ ወጣሁ። በቀይ ክር የታሰረ ሳንቲም፣ አፏ ውስጥ ገንዘብ የያዘች ባለ ሦስት እግር እንቁራሪት፣ ትንሽ ፏፏቴ ገዛሁ። አዪ አዩና ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት ነው የምትገባው?" አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ኖሬበታለሁ፣ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። ፌንግ ሹዊ፣ ማለትም ቻይናዎች ቤትንና ቦታን የሚያዩበት የአቀማመጥ ጥበብ፣ ከዕቃ በፊት የቦታ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በኮምፓስ፣ ቀጥሎ በቁጥር። ዕቃ መግዛት ካለም መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከጠበቃችሁ ብዙ ገንዘብና ብዙ ግራ መጋባት ይተርፋችኋል።

ከመጀመራችን በፊት ማወቅ ያለባችሁ

"ፌንግ" ነፋስ ነው፣ "ሹዊ" ውሃ። ስሙ የመጣው ከጥንት የመቃብር ቦታ አመራረጥ ትምህርት ነው። እዚያ ላይ "ቺ" የሚሉት የሕይወት እስትንፋስ ነፋስ ሲያገኘው ይበተናል፣ ውሃ ሲያገኘው ይቆማል ይላል። ጥበቡ በሙሉ ከዚች ሐሳብ ይፈልቃል፤ ነፋስ የማይበትነው፣ ውሃ የሚያቆመው ቦታ መፈለግ። አንድ ገበሬ ቤት መሥሪያ ሲመርጥ የሚያስበውም ይሄንኑ ነው።

የቤይጂንግን የድሮ ግቢ ቤት አስቡት። አራት ቤቶች አንድ ግቢ ከበው ይቆማሉ። ዋናው ቤት ሰሜን በኩል ሆኖ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። የግቢው በር በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ነው፤ በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ግርዶሽ ግድግዳ ይቆማል፣ ከመንገድ የመጣ ነፋስም ዓይንም ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ለምን ደቡብ? ቤይጂንግ 40 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። የብርድ ወቅቷ ከባድ ነው፤ ቀዝቃዛው ነፋስ ከሰሜን፣ ከሞንጎሊያ በኩል ይመጣል፣ ፀሐይ ደግሞ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ጀርባህን ለብርድ፣ ፊትህን ለፀሐይ ስጥ ማለት ነው። ምክንያቱን ስታውቁ ደንቡን የት እንደምታጠብቁት፣ የት እንደምታላሉት ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትሄዳለች፣ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ስለዚህ "ቤት ወደ ደቡብ ካላየ አይሆንም" የሚል ሰው ደንቡን ይዞ ምክንያቱን ጥሎታል።

ሃይማኖተኛ አንባቢ "ይሄ ጥንቆላ አይደለም ወይ?" ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፌንግ ሹዊ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ይኖራል። አንዱ የቤት አሠራር ጥበብ ነው፤ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ውሃ፣ የቦታ አቀማመጥ። ሌላው ዕድልና ቀን መቁጠር ነው፣ ከእኛ ኮከብ ቆጠራ ጋር የሚቀራረብ። ቻይና ውስጥም ሰው ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም። በፈረንጅ ከ1949 በኋላ ዋናው ቻይና ውስጥ መንግሥት እንደ አጉል እምነት ቆጥሮ አፈነው። ሆንግ ኮንግና ታይዋን ውስጥ ግን ሳይቋረጥ ቀጠለ። እናንተም የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ወስዳችሁ ሁለተኛውን መተው ትችላላችሁ። ከዚህ በታች ከአንድ እስከ አምስት ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከመጀመሪያው ናቸው። ሀብት ያመጣል ብዬ ቃል አልገባም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

እርምጃ 1፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ አንድ ሳምንት

የቤታችሁን ንድፍ በካሬ ወረቀት ላይ ሳሉ። ቆንጆ መሆን የለበትም። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት፣ ትልልቅ ዕቃ የት እንዳሉ ይታይ። በሮቹ ወደየት እንደሚከፈቱም ምልክት አድርጉ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳታንቀሳቅሱ ተመልከቱ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብርሃን የት ይወድቃል? እኩለ ቀን ላይ የትኛው ክፍል ይግላል? ማታ የትኛው ጥግ ይቀዘቅዛል? የቤተሰቡ ሰው ሳያስበው የሚሰበሰበው የት ነው፣ የትኛውን ክፍልስ ማንም አይቀመጥበትም? እርጥበት የሚይዘው፣ ሽታ የማይለቀው የትኛው ጥግ ነው?

ነፋሱን ለማየት ዕጣን አጭሱ። ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ይቀላል። ማጨሻውን ከመጋረጃ አርቃችሁ ሳሎን መሐል አስቀምጡና ጭሱን ተከተሉት። መጀመሪያ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ አንድ ተከፍቶ፣ ቀጥሎ በርና መስኮት ተከፍተው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከበር ወደ መስኮት ከሮጠ ቤታችሁ ቺን አያቆምም ይላሉ ቻይናዎች። የሆነ ጥግ ላይ ገብቶ እዚያው ከተከማቸ ደግሞ ያ ጥግ ታፍኗል። የሚፈለገው በመካከል ያለው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ተጠማዝዞ፣ ክፍሉን ዞሮ የሚወጣ ጭስ። ይሄን ሙከራ ያየ ሰው "ቺ" የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ባዶ አይሆንበትም።

እርምጃ 2፦ ወደ ውጭ ውጡ

ፌንግ ሹዊ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚነበበው። አልጋውን ከማዞር በፊት ሕንፃው የት ቆሟል?

የድሮ መምህራን ጥሩ ቦታን በአራት እንስሳት ይገልጹታል። ከኋላ ጥቁር ኤሊ፣ ከፊት ቀይ ወፍ፣ በግራ አረንጓዴ ዘንዶ፣ በቀኝ ነጭ ነብር። ግራና ቀኙ ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ወደ ውጭ ስታዩ ነው። እንስሳቱ ከከበዷችሁ ባለ መደገፊያ ወንበር አስቡ። ጀርባው ከፍ ያለና ጠንካራ ነው፣ ሁለት ክንድ አለው፣ ፊቱ ክፍት ነው። በቃ ይሄው ነው። ከኋላ ተራራ ወይም ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ዝቅ ያለ ኮረብታ፣ ከፊት ሜዳና ውሃ። የፊቱን ክፍት ቦታ "ሚንግታንግ" ይሉታል፣ ብሩህ አደባባይ እንደማለት።

ተራራ ከሌለስ? ይሠራል። ቤይጂንግ ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ከተማ በስተሰሜን ያለው ጂንግሻን ኮረብታ የተፈጥሮ አይደለም። የመከላከያው ቦይ ሲቆፈር የወጣው አፈር ተከምሮ ነው የተሠራው። በደቡብ በኩል ደግሞ በግቢው ውስጥ ወርቃማ ውሃ የሚሉት ሰው ሠራሽ ወንዝ ይጠማዘዛል። ተራራ ከኋላ፣ ውሃ ከፊት። ሆንግ ኮንግ ገጠር ብትሄዱ ደግሞ መንደሮቹ ከጀርባቸው ማንም የማይቆርጠው ጥቅጥቅ ያለ ደን አላቸው። የፌንግ ሹዊ ደን ነው የሚባለው። ነፋስ ይከላከላል፣ ዳገቱ እንዳይናድ ይይዛል።

እኛ ከተማ ውስጥ ነን። ከተማ ውስጥ ጎረቤት ሕንፃ ተራራ ነው፣ መንገድ ውሃ ነው። ስለዚህ ግቢውን ወይም ሕንፃውን ዞራችሁ እነዚህን ፈልጉ፦

ከኋላ የሚደግፍ ነገር አለ? ሌላ ሕንፃ፣ ዛፍ፣ ከፍ ያለ አጥር? ወይስ ቤቱ ጀርባው ገደል ነው?

ከፊት ትንሽም ብትሆን ክፍት ቦታ አለች? ወይስ በር ስትከፍቱ ግንብ ይጋፋችኋል?

መንገዱ ወደ ቤታችሁ እንዴት ይመጣል? ይሄኛው ዋና ነው። መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ በራችሁ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ማለትም ቤታችሁ የመስቀለኛው ራስ ላይ ከቆመ፣ በቻይና ትልቅ ጉድለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግድግዳ ላይ "ሺጋንዳንግ" የሚል የተቀረጸበት ድንጋይ ያቆማሉ። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አቧራው፣ የመኪናው መብራት፣ ፍሬን የበጠሰ ተሽከርካሪ የሚመጣው በዚያ ነው። መንገዱ የሚጠመዘዝ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ ከውስጠኛው በኩል መሆኑን እዩ። ውስጠኛው ቀበቶ ታጥቆ እንደማቀፍ ነው ይላሉ። ውጫዊው የተገለበጠ ቀስት ነው፣ አይወደድም። ወንዝ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ወንዝ ሲጠመዘዝ የሚቦረቡረው ውጫዊውን ዳር ነው።

ያገኛችሁትን ጻፉ። ብዙዉን መለወጥ አትችሉም፤ ተከራይ ከሆናችሁ ጭራሽ። ግን ቀጣዩን ቤት ስትመርጡ ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ የምታዩት ነገር አገኛችሁ።

እርምጃ 3፦ በሩ

ስለ ቤት ውስጥ ሲነሳ ባህላዊው ትምህርት ሦስት ነገሮችን ያስቀድማል። በር፣ ዋናው መኝታ፣ ምድጃ። ሰው የሚገባበት፣ የሚያርፍበት፣ የሚበላው የሚበስልበት። ጊዜያችሁን እነዚህ ላይ አውሉት፤ ሌላው ይደርሳል።

በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል? ብዙ ቤት ከበሩ ኋላ ጫማ፣ ጆንያ፣ ጃንጥላ፣ የተሰበረ ወንበር አለ፤ በሩ ግማሽ ተከፍቶ ይቆማል፣ ሰው በጎን ሾልኮ ይገባል። አንሱት። ከምንም በፊት ይሄን ሥሩ። ማጠፊያው ይጮሃል? ዘይት ጠብ አድርጉበት። የመግቢያው አምፖል ተቃጥሏል? ዛሬ ቀይሩት።

ቀጥሎ በሩን ከፍታችሁ ደጃፍ ላይ ቁሙና ዓይናችሁ የት እንደሚሄድ እዩ። ቀጥ ብሎ ማዶ ካለው መስኮት ወይም በረንዳ ከወጣ፣ የዕጣኑ ጭስም የሮጠው በዚያ ከሆነ፣ መሐል ላይ የሚያቆመው ነገር ያስፈልጋል። መደርደሪያ፣ ከፍ ያለ አበባ፣ መጋረጃ። የቤይጂንጉ ግርዶሽ ግድግዳ ሥራ ይሄ ነው። ዓይናችሁ መጀመሪያ ሽንት ቤት ላይ ካረፈ የሽንት ቤቱን በር ሁልጊዜ ዝጉ። ምድጃ ላይ ካረፈም እንዲሁ መጋረጃ ይሁን።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በሩ ከደረጃ ፊት ለፊት የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ቺን ይዞ ይወርዳል ይላሉ። ደረጃውን ማንሳት አይቻልም። ደጃፍ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አድርጉ፣ ከውስጥ መግቢያው ላይ ሞቅ ያለ መብራት። ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባለ ስምንት ማዕዘን መስታወት፣ "ባጉዋ መስታወት" የሚሉትን፣ በር ላይ እንድትሰቅሉ የሚመክር ሰው ያጋጥማችኋል። ሥራው መጥፎን ነገር ወደ መጣበት መመለስ ነው ተብሎ ስለሚታመን ከቤት ውጭ እንጂ ውስጥ አይሰቀልም። ውጭ ስትሰቅሉት ደግሞ የሚያየው ጎረቤታችሁን ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ በዚህ ጎረቤት ይጣላል። ለጀማሪ አያስፈልግም፣ ተዉት።

እርምጃ 4፦ አልጋው

አዪ የጎተቱልኝ አልጋ ላይ ተመልሰን መጣን።

ደንቡ እንዲህ ነው። ራስጌ ጠንካራ ግድግዳ ይደገፍ። ተኝታችሁ በሩን ማየት ቻሉ፣ ግን በሩ ትክክል ላይ አትሁኑ። ለዚህ ነው ከበሩ ራቅ ያለው ጥግ የሚመረጠው። ወንበሩን አስታውሱ፤ ጀርባ የሚደግፍ፣ ፊት ክፍት። አልጋም ያው ነው። ሰው ከኋላው የሚመጣውን ማየት ሲያቅተው በእንቅልፉም ንቁ ሆኖ ያድራል ይላሉ። የእኔ ብንን ማለት ምክንያቱ ይሄ እንደነበር አሁን አምናለሁ። እግር ወደ በሩ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ደግሞ ቻይናዎች አስከሬን የሚወጣበት አቀማመጥ ነው ብለው በጣም ይጠሉታል።

ራስጌ ከመስኮት ሥር አይሁን። ሌላ ቦታ ከሌለ ወፍራም መጋረጃና ከፍ ያለ ራስጌ አድርጉ። ከአናታችሁ በላይ ቢም ካለ፣ ወይም ጣሪያው በዚያ በኩል የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ አልጋውን አሽሹት። መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ከአልጋው ፊት ለፊት ከቆመ ማታ ማታ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ሌሊት የነቃ ሰው በጨለማ የራሱን እንቅስቃሴ አይቶ ይደነግጣል። ራስጌው የተደገፈበት ግድግዳ በስተጀርባው ሽንት ቤት ከሆነ ሌላ ግድግዳ ሞክሩ፤ የውሃው ድምፅ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ከአልጋ ሥር ደግሞ የተከማቸ ዕቃ አውጡ። ቦታ ጠቦ ግድ ከሆነ ብርድ ልብስና አንሶላ ብቻ ይቀመጥ።

ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ሁሉም አይሟላ ይሆናል። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትንሽ ክፍል ተሰጥቷት የምትኖር እህት፣ ምርጫዋ ሁለት ግድግዳ ብቻ ነው። ያኔ በቅደም ተከተል ሂዱ። አንደኛ ጀርባን የሚደግፍ ግድግዳ። ሁለተኛ ከበር ትክክል መውጣት። ሦስተኛ በሩን ማየት። በሩ የማይታይ ከሆነ ትንሽ መስታወት በሩን እንድታሳይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አልጋው ራሱ ግን መስታወቷ ውስጥ አይታይ።

እርምጃ 5፦ ምድጃና የቤቱ መሐል

ምድጃ እሳት ነው፣ ሲንክ ውሃ ነው። አምስቱ ባሕርያት እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ ናቸው፤ እንጨት እሳትን ይመግባል፣ እሳት አመድ ሆኖ አፈር ይሆናል፣ ከአፈር ብረት ይወጣል፣ ብረት ውሃን ያፈልቃል፣ ውሃ እንጨትን ያበቅላል። በሌላ በኩል ውሃ እሳትን ያጠፋል። ስለዚህ ምድጃና ሲንክ ፊት ለፊት አይግጠሙ፣ ጎን ለጎንም ከተጣበቁ መሐላቸው የሥራ ቦታ ወይም የእንጨት መክተፊያ ይግባ። እንጨት አስታራቂ ነው፣ ከውሃ ወስዶ ለእሳት ይሰጣል። ለጀማሪ ስለ አምስቱ ባሕርያት ይሄን ያህል ይበቃል።

ምድጃው ከጀርባው ግድግዳ ይኑረው፣ መስኮት ሥር አይሁን። በተለይ በቡታጋዝ የምታበስሉ ከሆነ ነፋስ ነበልባሉን ቢያጠፋው ጋዙ ይፈሳል፤ ይሄ የእምነት ጉዳይ አይደለም፣ የደኅንነት ነው።

የቤቱ መሐል ክፍት ይሁን። በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር ደቡብ፣ በጥንቱ ሁዊጁ አካባቢ ያሉ ቤቶች መሐላቸው ላይ "ቲየንጂንግ" የሚሉት ሰማይ የሚታይበት ትንሽ ክፍት ቦታ አላቸው። የአራቱም ጣሪያ ዝናብ ወደዚያ ይወርዳል። ውሃ ሀብት ነውና ሀብቱ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል ይላሉ። እኛ ጣሪያ መክፈት ባንችል መሐሉን የሞላውን ካርቶን ማንሳት እንችላለን።

እርምጃ 6፦ ኮምፓስ

እዚህ የደረሰ ሰው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ካልሆነ ቸኩላችኋል።

ኮምፓስ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ለዩ፤ ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያምሰው ይሄ ነውና። "የሀብት ጥግ ከበር ስትገቡ በግራ በኩል መጨረሻ ላይ ያለው ነው" የሚለውን ሰምታችኋል። ይሄ ጥንታዊ አይደለም። ሊን ዩን የተባሉ መምህር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያስፋፉት፣ ኮምፓስ የማይጠቀም፣ ከበሩ የሚነሳ አሠራር ነው። በባህላዊው ግን አቅጣጫን የሚወስነው ኮምፓስ ነው፤ ደቡብ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ በራችሁ የትም ቢሆን። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ከአንዱ ቪዲዮ ይሄን፣ ከሌላው ያን የወሰደ ሰው አንዱን ጥግ ሦስት ስም ይሰጠዋል።

ባለሙያዎቹ የሚይዙት "ሉዎፓን" ይባላል። መሐሉ ላይ መርፌ፣ ዙሪያውን ብዙ ቀለበት፣ ላዩ ላይ በመስቀል የተዘረጋ ቀይ ክር ያለው። አንዱ ቀለበት ዙሪያውን ለ24 ይከፍለዋል፣ እያንዳንዱ 15 ዲግሪ። ለእናንተ የስልክ ኮምፓስ ይበቃል። በስልኩ ቅንብር ውስጥ "እውነተኛ ሰሜን" የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት፤ ሉዎፓን የሚከተለው የማግኔቱን ሰሜን ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከቤቱ ውጡ። ቤቱን በጀርባችሁ አድርጉ፣ ቤቱ ወደሚያይበት እዩ። ስልኩን አግድም ያዙ። ከብረት በር፣ ከቆርቆሮ አጥር፣ ከመኪና ራቁ፤ ብረት መርፌውን ያስታል፣ የእኛ ሰፈር ደግሞ ብረት በብረት ነው። ከሦስት ቦታ ለኩ፤ ከደጃፉ፣ ከሁለት እርምጃ፣ ከአምስት እርምጃ። ሦስቱ ከተቀራረቡ አማካዩን ውሰዱ። በጣም ከተራራቁ ብረት አለ፣ ቦታ ቀይሩ። ስምንቱ አቅጣጫዎች እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ናቸው፤ ለምሳሌ ደቡብ ከ157.5 እስከ 202.5 ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ድንበር ላይ ከወደቀ በሌላ ቀን ድገሙት።

አፓርታማ ውስጥ "ፊቱ የቱ ነው?" ላይ መምህራን አይስማሙም። አንዱ የሕንፃውን መግቢያ ይወስዳል፣ አንዱ የራሳችሁን በር፣ አንዱ ብርሃን የሚበዛበትን ጎን። እኔ ብርሃን የሚበዛበትን እወስዳለሁ። ዋናው አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት ነው።

እርምጃ 7፦ ቁጥሩ፣ ከፈለጋችሁ

"ስምንቱ ቤቶች" በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ሰው "ጉዋ" የሚባል ቁጥር አለው። ይሄኛው የእምነቱ ክፍል ነው። መዝለል ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው የፈረንጅ የትውልድ ዓመት ነው፣ በዚህ አሠራር ግን የቻይናዎቹ ዓመት የሚጀምረው በፌብሩዋሪ 4 አካባቢ ነው። ይሄ በእኛ ጥር 26 ወይም 27 ላይ ይውላል። ስለዚህ ለእኛ ሰው ሒሳቡ እንዲያውም ይቀላል። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 26 ከተወለዳችሁ በኢትዮጵያ ዓመታችሁ ላይ 7 ደምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ደምሩ። በድንበሩ ቀን የተወለደ ሁለቱንም ያስላ።

ያገኛችሁትን የፈረንጅ ዓመት የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ደምሩ፣ አንድ አኃዝ እስኪሆን ድረስ። በዚያው በፈረንጅ ዓመት ከ2000 በፊት ለተወለደ ወንድ ከ10 ላይ ቀንሱት። ለሴት 5 ጨምሩበት። ከ2000 ጀምሮ ለተወለደ ወንድ ከ9 ላይ ቀንሱ፣ ዜሮ ከመጣ 9 ነው። ለሴት 6 ጨምሩ። ውጤቱ ሁለት አኃዝ ከሆነ እንደገና ደምሩ። 5 ከመጣ ወንዱ 2 ይሆናል፣ ሴቷ 8።

ለምሳሌ ኅዳር 1975 የተወለደ ወንድ። 1975 ሲደመር 7፣ 1982። 8 ሲደመር 2፣ 10፣ ማለትም 1። 10 ሲቀነስ 1፣ 9። በዚያው ወር የተወለደች ሴት ደግሞ 1 ሲደመር 5፣ 6።

1፣ 3፣ 4፣ 9 የምሥራቅ ወገን ናቸው፤ ጥሩ አቅጣጫቸው ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ ምሥራቅ። 2፣ 6፣ 7፣ 8 የምዕራብ ወገን ናቸው፤ ምዕራብ፣ ሰሜን ምዕራብ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሜን ምሥራቅ። ስትተኙ አናታችሁ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይዙር።

ባልና ሚስት ወገናቸው ቢለያይስ? ከላይ ባለው ምሳሌ ሰውየው የምሥራቅ ነው፣ ሴቷ የምዕራብ። በእኔ አስተያየት እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው ይደላ። እና ይሄን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ቁጥሩና ዓይናችሁ ያየው ከተጋጩ ዓይናችሁን ተከተሉ። አናታችሁ ጥሩ አቅጣጫ እንዲያገኝ ብላችሁ ቢም ሥር ወይም በር ትክክል አትተኙ።

"በራሪ ኮከቦች" የሚባለው ደግሞ ጊዜን በ20 በ20 ዓመት የሚከፍል ነው። ዘጠነኛው ዘመን በፈረንጅ 2024 ጀምሮ እስከ 2043 ይቆያል፤ ኢንተርኔቱ ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራው ለዚህ ነው። ለጀማሪ አይደለም። አንድ ዓመት ቆዩበት።

እንዴት ትለውጣላችሁ

አንድ ጊዜ አንድ ነገር። በአንድ ቅዳሜ ቤቱን በሙሉ የገለበጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ንድፉን አሳዩት። እናታችሁ ሃያ ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር በራሳችሁ ሥልጣን አታንሱ።

አልጋውን ዛሬ ካዞራችሁ ምድጃውን ለሦስት ሳምንት አትንኩት። ደብተሩ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ በየጠዋቱም አንድ መስመር ጨምሩ፦ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃችሁ፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ነበር ወይስ ታፍኖ፣ ስትነሱ ብርሃኑ የት ነበር። በሃያ አንደኛው ቀን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ አንብቡት። ካልተመቻችሁ አልጋውን መልሱትና ሁለተኛውን ግድግዳ ሞክሩ። ከተመቻችሁ ወደ ምድጃው እለፉ።